የባትሪ ቆጣሪ ለምን ይሳሳታል? የከረንት አምፕሊፋየር አሠራርና የዜሮ ነጥብ መንሸራተት

በፀሐይ ኃይል መብራት የሚያበራ ወይም ውኃ የሚስብ ሰው አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ነገር አለ። ማምሻውን የባትሪ ቆጣሪው 60 በመቶ ኃይል እንዳለ ያሳያል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ግን መብራቱ ድርግም ይላል። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባትሪው ገና ደኅና ሆኖ ሳለ እንዲህ ከሆነ ግን የሚጠየቀው ራሱ ቆጣሪው ሊሆን ይችላል። የስህተቱ ምንጭም ብዙ ጊዜ ከአንድ ቮልት አሥር ሺህኛ ክፍል የማይበልጥ ቮልቴጅ ነው።

መጠኑ ይህን ያህል ይነስ እንጂ መዘዙ ትንሽ አይደለም። ቆጣሪው ካለው በላይ ሲያሳይ ባለቤቱ ባትሪውን ከሚገባው በላይ ያራቁተዋል፤ በተለይ የእርሳስና አሲድ ባትሪ በተደጋጋሚ ከተራቆተ ዕድሜው ያጥራል። ቆጣሪው ካለው በታች ሲያሳይ ደግሞ ደኅናው ባትሪ "ሞቷል" ተብሎ በአዲስ ይተካል። በሁለቱም መንገድ ወጪው የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ውስጥ ያለው የከረንት አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ከዜሮ እንደሚንሸራተትና መሐንዲሶች ይህን እንዴት እንደሚያርሙት ማወቅ ጠቃሚ ነው።

የባትሪ ኃይል እንዴት ይቆጠራል?

ባትሪን በጎተራ ብንመስለው፣ ውስጡን ከፍቶ መስፈር የማይቻል ጎተራ ነው። ያለውን ለማወቅ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የባትሪውን ቮልቴጅ ማየት ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ ግማሽ ሲወርድ 12.2 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ባትሪው ሳይሞላና ሳያበራ ለሰዓታት ካረፈ ብቻ ነው። በአሁኑ ጊዜ እየተስፋፋ በመጣው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ላይ ደግሞ መንገዱ የበለጠ ይጠብባል። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ባለው ክልል ውስጥ የሚለዋወጠው በጥቂቱ ብቻ በመሆኑ፣ ቮልቴጁን አይቶ ምን ያህል እንደቀረ መናገር ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ የገባውንና የወጣውን መቁጠር ነው። ጎተራውን ሳይከፍት ያለውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የገባውንም የወጣውንም በቁና እየሰፈረ ይመዘግባል። የባትሪ ቆጣሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። 5 አምፔር ለ6 ሰዓት ከገባ 30 አምፔር ሰዓት ገቢ ይመዘገባል፤ 2 አምፔር ለ4 ሰዓት ከወጣ 8 አምፔር ሰዓት ይቀነሳል። ዘዴው ቀላልና አስተማማኝ ነው። አንድ ብርቱ ድክመት ግን አለበት፤ በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚፈጠረው ጥቃቅን ስህተት ከሒሳቡ ጋር አብሮ ይደመራል።

ሻንት፦ ከረንትን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጠው ቁራጭ

ቆጣሪው ከረንቱን በቀጥታ አያየውም። በሽቦው መንገድ ላይ ሻንት የሚባል፣ የመቋቋም መጠኑ በትክክል የታወቀ የብረታ ብረት ቁራጭ ይገባል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ በዚህ ቁራጭ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ከከረንቱ ጋር ተመጣጣኝ የሆነ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ያን ቮልቴጅ የለካ ከረንቱን ዐወቀ ማለት ነው።

በገበያ ላይ ከሚገኙት ሻንቶች መካከል "50 አምፔር፣ 50 ሚሊቮልት" የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አሉ። ይህ ማለት 50 አምፔር ሲያልፍባቸው 50 ሚሊቮልት ይሰጣሉ፤ የመቋቋም መጠናቸውም አንድ ሺህኛ ኦም ነው። መጠኑ ይህን ያህል እንዲያንስ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በ50 አምፔር ጊዜ በሻንቱ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል 2.5 ዋት ብቻ ነው። ሻንቱ አንድ መቶ እጥፍ የሚበልጥ የመቋቋም መጠን ቢኖረው ግን 250 ዋት በሙቀት ይባክን፣ ከባትሪውም 5 ቮልት ይጎድል ነበር። ለመለካት ሲባል የሚለካውን ነገር ማባከን አይገባም።

የሻንቱ ማነስ ጥቅም ቢኖረውም ሌላ ችግር ያመጣል። ባለ 12 ቮልት አንዲት ትንሽ አምፖል የምትወስደው 0.1 አምፔር ያህል ነው ብንል፣ በዚህ ሻንት ላይ የምትፈጥረው ቮልቴጅ 0.1 ሚሊቮልት፣ በሌላ አነጋገር 100 ማይክሮቮልት ብቻ ይሆናል። ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቆጣሪው የአምፖሏን ፍጆታ ለመመዝገብ ይህን ያህል ደቃቅ ምልክት መለየት አለበት።

ሻንቱ የሚሠራበት ብረትም በጥንቃቄ ይመረጣል። ተራ መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የመቋቋም መጠኑ 0.39 በመቶ ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ቢጨምር ንባቡ ወደ 10 በመቶ ይዛባል። ስለዚህ ጥሩ ሻንቶች ማንጋኒን ከሚባል የመዳብ፣ የማንጋኒዝና የኒኬል ቅይጥ ይሠራሉ። ይህን ቅይጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያበጀው ኤድዋርድ ዌስተን ነው። የማንጋኒን የመቋቋም መጠን ከሙቀት ጋር እምብዛም አይለዋወጥም።

አምፕሊፋየሩ ምን ይሠራል?

ከሻንቱ የሚወጣው ምልክት እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ ወደ ቁጥር ከሚቀይረው ክፍል ከመድረሱ በፊት መጉላት አለበት። ይህን የሚያደርገው አምፕሊፋየር ነው። የድምፅ ማጉያ የተናጋሪን ድምፅ እንደሚያጎላ ሁሉ፣ የከረንት አምፕሊፋየርም በሻንቱ ላይ የተፈጠረውን ቮልቴጅ ያጎላል። የማጉላት መጠኑ 50 እጥፍ ከሆነ 50 ሚሊቮልት ወደ 2.5 ቮልት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ወደ ቁጥር ተቀይሮ በሰሌዳው ላይ ይነበባል።

አምፕሊፋየሩ ሁለት መግቢያዎች አሉት። አንዱ ከሻንቱ አንድ ጫፍ፣ ሌላው ከሌላኛው ጫፍ ጋር ይያያዛል። ሥራው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ማጉላት ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ማን እንደሚረዝም ለማወቅ የቆሙበት ተራራ ከፍታ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው የቁመታቸው ልዩነት ነው። አምፕሊፋየሩም እንዲሁ ሁለቱም መግቢያዎች 12 ወይም 24 ቮልት ላይ ቢሆኑ ያን የጋራ ቮልቴጅ ትቶ በመካከላቸው ያለውን የማይክሮቮልት ልዩነት እንዲያይ ይጠበቅበታል።

ኦፍሴት ቮልቴጅ፦ ያልገባው ከረንት የሚቆጠርበት ምክንያት

በአምፕሊፋየሩ ሁለት መግቢያዎች ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተደርገው የተሠሩ ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ። መንትያ ይባሉ እንጂ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው አያውቁም። በፋብሪካ ውስጥ በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ ጎን ለጎን ቢሠሩም፣ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከዚህ ልዩነት የተነሳ አምፕሊፋየሩ ሁለቱ መግቢያዎቹ እኩል ሆነው ሳለ እንኳ ልዩነት ያለ ይመስለዋል። ይህ የሐሰት ልዩነት ኦፍሴት ቮልቴጅ ይባላል። ባዶ ሳለ ዜሮ የማያሳይ የገበያ ሚዛን ማለት ነው።

ብዙ ዋጋ በማይጠይቁ መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገባው ኤልኤም358 የተባለው አምፕሊፋየር በመደበኛ ደረጃው እስከ 7 ሚሊቮልት የሚደርስ ኦፍሴት ሊኖረው እንደሚችል በአምራቾች ሰነድ ተመልክቷል። ከላይ በተጠቀሰው ሻንት ላይ 7 ሚሊቮልት ማለት 7 አምፔር ነው። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ሳይስተካከል ቢገባ አንድም መሣሪያ ሳይሠራ ቆጣሪው 7 አምፔር እየፈሰሰ ነው ብሎ ሊመዘግብ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ያህል ትልቅ ስህተት ወዲያውኑ ስለሚታይ አምራቹ በፋብሪካ ያስተካክለዋል። አስቸጋሪው የሚተርፈው ትንሹ ነው። 100 ማይክሮቮልት ኦፍሴት ብቻ ቀረ እንበል፤ በሻንቱ ላይ 0.1 አምፔር ማለት ነው። በ24 ሰዓት 2.4 አምፔር ሰዓት፣ በ10 ቀን 24 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 100 አምፔር ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ላይ በ10 ቀን ውስጥ ሩብ ያህሉ በሐሰት ተመዝግቧል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአንድ ሰዓት የማይታወቅ ስህተት በሳምንታት ውስጥ ባትሪውን በወረቀት ላይ ሞልቶ በተግባር ባዶ ያደርገዋል።

መንሸራተት፦ አንድ ጊዜ ማስተካከል ለምን አይበቃም?

ኦፍሴቱ ምንጊዜም አንድ ዓይነት ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር፤ አንድ ጊዜ ለክቶ ሁልጊዜ መቀነስ ይበቃል። ነገር ግን ኦፍሴት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ይህ መለዋወጥ መንሸራተት ወይም ድሪፍት ይባላል።

ምክንያቱ ከትራንዚስተሩ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። የአንድ ትራንዚስተር የመግቢያ ቮልቴጅ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ መንትዮች እኩል ቢቀንሱ ልዩነታቸው አይለወጥም ነበር። ነገር ግን ፍጹም እኩል ስላልሆኑ አንዱ ከሌላው ጥቂት ቀድሞ ይወርዳል። በእንዲህ ያለው የትራንዚስተር ጥንድ ላይ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊቮልት ኦፍሴት፣ በአንድ ዲግሪ 3 ማይክሮቮልት ገደማ መንሸራተት ይጠበቃል። በኤልኤም358 ላይ የተለመደው መንሸራተት በአንድ ዲግሪ 7 ማይክሮቮልት ነው።

ቆጣሪው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ቢጨምር፣ 7 ማይክሮቮልት በ25 ተባዝቶ 175 ማይክሮቮልት ይሆናል። በሻንቱ ላይ ይህ 0.175 አምፔር ነው። ጠዋት በብርዱ ዜሮ ላይ በትክክል የተስተካከለው ቆጣሪ በቀትር ሌላ ዜሮ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ነው በፋብሪካ ውስጥ፣ በአንድ ሙቀት የተደረገ ማስተካከያ በመንደር ጣሪያ ሥር ሙሉ በሙሉ የማይሠራው።

ከአምፕሊፋየሩ ውጭ ያለ ሌላ ምንጭም አለ። ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ በ1821 እንዳስተዋለው፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሁለት ቦታ ተጋጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ከሌላው ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል። መዳብና ኮንስታንታን የተባለው ቅይጥ ሲጋጠሙ ለአንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 40 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣሉ። ማንጋኒን ከመዳብ ጋር ሲጋጠም የሚፈጥረው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ለሻንት የሚመረጥበት ሁለተኛው ምክንያትም ይህ ነው። የዛገና የላላ መጋጠሚያ በበኩሉ የራሱን ቮልቴጅ ይጨምራል። ስለዚህ የሻንቱ አንድ ጎን ፀሐይ ሲመታውና ሌላው ጥላ ውስጥ ሲሆን፣ ወይም የአንዱ ጎን ብሎን ላልቶ ሲሞቅ፣ አምፕሊፋየሩ ምንም ባያጠፋ እንኳ ንባቡ ይዛባል።

መንሸራተትን ማረሚያ ሦስት መንገዶች

ሦስቱም መንገዶች የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው። አምፕሊፋየር ትክክለኛው ዜሮ የት እንዳለ በራሱ አያውቅም፤ ዜሮውን የሚያሳየው ያስፈልገዋል። መንገዶቹ የሚለያዩት ዜሮው በየስንት ጊዜው ይታያል በሚለው ነው።

የመጀመሪያው በፋብሪካ አንድ ጊዜ ማስተካከል ነው። በቺፑ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ሬዚስተሮች በሌዘር ጨረር እየተላጉ ሁለቱ ወገኖች እንዲመጣጠኑ ይደረጋል። ዘዴው ኦፍሴቱን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሙቀትና በዕድሜ የሚመጣውን ለውጥ አይከተልም።

ሁለተኛው አውቶ ዜሮ የሚባለው ነው። እህል ነጋዴ ከመመዘኑ በፊት ባዶውን ሚዛን አይቶ፣ 200 ግራም ካሳየ ያን ከእያንዳንዱ ምዝን እንደሚቀንሰው ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ በውስጡ ባለ ማብሪያ ማጥፊያ አማካይነት ሁለቱን መግቢያዎቹን ለአፍታ አንድ ላይ ያገናኛል። በዚያች ቅጽበት ልዩነቱ በእርግጥ ዜሮ ነው፤ የሚያነበው ሁሉ የራሱ ስህተት ነው። ያን ስህተት ቻርጅ በሚይዝ ካፓሲተር ላይ ያስቀምጠዋል። ወደ ሻንቱ ሲመለስ ከንባቡ ላይ ይቀንሰዋል። ይህ በሰከንድ ውስጥ በብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገም፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ ዜሮውም አብሮ ይታደሳል።

ሦስተኛው ቾፐር ይባላል። ይህም በድሮው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ሊገለጽ ይችላል። የአንዱ ሳህን ክብደት ከሌላው በ50 ግራም ይበልጣል እንበል። 5 ኪሎ ግራም እህል በከባዱ ሳህን ላይ ሲቀመጥ 5.05 ሆኖ ይመዘናል። እህሉና የሚዛኑ ድንጋይ ቦታ ሲለዋወጡ ደግሞ 4.95 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ትክክለኛው 5 ኪሎ ግራም ይገኛል። የሳህኑ ጉድለት አልተጠገነም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በመደመር፣ አንድ ጊዜ በመቀነስ ስለገባ ራሱን አጠፋ።

ቾፐር አምፕሊፋየርም ሁለቱን መግቢያዎቹን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ያለዋውጣል። በመውጫው ላይ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ያንኑ ልውውጥ ይመልሳል። ከሻንቱ የመጣው ምልክት ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኦፍሴቱ ግን የሚፈጠረው በውስጥ በመሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል፤ ስለዚህ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየሆነ አማካዩ ዜሮ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን ጎልድበርግ በአርሲኤ ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ መጨረሻ በቾፐር የተረጋጋ አምፕሊፋየር ሠርቷል። በዚያን ጊዜ ልውውጡን የሚያደርገው የሚንቀጠቀጥ የብረት ሪሌ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ደቃቅ ቺፕ ውስጥ ይከናወናል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚያመርተው አይኤንኤ226 የተባለው የከረንት መለኪያ ቺፕ ከፍተኛው ኦፍሴት 10 ማይክሮቮልት፣ ከፍተኛው መንሸራተት በአንድ ዲግሪ 0.1 ማይክሮቮልት ነው። በተጠቀሰው ሻንት ላይ 10 ማይክሮቮልት ማለት 0.01 አምፔር ነው፤ በ10 ቀን የሚደመረውም 2.4 አምፔር ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ሲጨምር የሚመጣው መንሸራተት ከ2.5 ማይክሮቮልት አይበልጥም፤ ኤልኤም358 ላይ ግን 175 ነበር።

እነዚህ ዘዴዎች ያለ ዋጋ የሚገኙ አይደሉም። ፈጣኑ ልውውጥ በመውጫው ላይ ጥቂት መንቀጥቀጥ ስለሚተው ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ማጣሪያው ደግሞ መሣሪያውን ያዘገየዋል። ለባትሪ ቆጣሪ ግን መዘግየቱ ጉዳት የለውም።

ጥሩ አምፕሊፋየር የማያርማቸው ስህተቶች

አምፕሊፋየሩ ፍጹም ቢሆን እንኳ ከእርሱ በፊት የተፈጠረውን ስህተት ሊያርም አይችልም። በላላ ብሎን የሚፈጠር ቮልቴጅ ለእርሱ ከእውነተኛ ምልክት አይለይም። ሻንቱን ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ሽቦም ከመዝገቡ ውጭ ነው፤ ጎተራው በጀርባ በኩል ቀዳዳ ካለው በበር የሚቆጥረው ሰው አያየውም። ከዚህም ሌላ ባትሪ የገባበትን ኃይል ሁሉ አይመልስም፤ ሳይሠራ ተቀምጦም ቀስ በቀስ ይደክማል። በዚህ ምክንያት ማንኛውም ቆጣሪ በየጊዜው ከታወቀ ነጥብ እንደገና መነሳት አለበት። ያ ነጥብ ባትሪው ሙሉ በሙሉ የሞላበት ጊዜ ነው።

አንዳንድ ቆጣሪዎች ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ከረንት ሁሉ እንደ ዜሮ እንዲቆጥሩ ይደረጋሉ። ይህ ኦፍሴቱን ይሸፍነዋል፤ ነገር ግን እውነተኛውን ትንሽ ፍጆታም አብሮ ይሸፍናል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚያድር ኢንቨርተር የሚበላው ኃይል በዚህ መንገድ ከመዝገብ ሊሰወር ይችላል።

የቆጣሪው ባለቤት ምን ማድረግ ይችላል?

በመጀመሪያ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ ቆጣሪው ምን እንደሚያሳይ ማየት ይገባል። ለምሳሌ 0.3 አምፔር ቢያሳይ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወይ በድብቅ ኃይል የሚወስድ መሣሪያ አለ፣ ወይ ኦፍሴት ነው። ለመለየት በሻንቱ ውስጥ ምንም ከረንት እንዳያልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በቅድሚያ የፀሐይ ፓነሉ፣ ቀጥሎ ኃይል የሚወስዱት መሣሪያዎች በየማቋረጫቸው ይለያያሉ፤ ቆጣሪው ራሱ ግን ኃይል እንዳገኘ ይቆያል። ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ ኃይል የሚበላ ነገር ነበር ማለት ነው። እዚያው 0.3 ላይ ከቀረ ግን ኦፍሴት ነው። ይኸው ፍተሻ ጠዋት በብርድና በቀትር ሙቀት ቢደገምና ቁጥሩ ቢለያይ መንሸራተት መኖሩ ይታወቃል።

ኦፍሴት ከተገኘ፣ ብዙ ቆጣሪዎች ዜሮ ማስተካከያ የሚል አማራጭ አላቸው። ማስተካከያው መደረግ ያለበት ከረንት ጨርሶ በማያልፍበት ጊዜና ቆጣሪው በአብዛኛው በሚሠራበት ሙቀት ላይ ነው። ከረንት እያለፈ ዜሮ ማድረግ ግን ሚዛን ላይ ጤፍ እንዳለ ዜሮ የመጫን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያው ልክ ይጎድላል።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይጠቅማሉ።

ባትሪውን በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ማስሞላት፤ ቆጣሪው መቶ በመቶውን አግኝቶ የተጠራቀመውን ስህተት እንዲጥል ያደርገዋል። በክረምት ደመና ለሳምንታት ሳይሞላ የቆየ ባትሪ ቆጣሪው የበለጠ ሊያሳስት ስለሚችል ቁጥሩን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል።

ቆጣሪውንና ሻንቱን በጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኙበት ቦታ መስቀል፤ የሻንቱ ሁለት ጎኖች እኩል ሙቀት እንዲያገኙ ማድረግ።

የሻንቱንና የባትሪውን ማያያዣዎች ንጹሕና የጠበቁ እንዲሆኑ ማድረግ። ይህ ሥራ በባለሙያ ቢሠራ ይመረጣል፤ የባትሪ ሁለት ጫፎች በመፍቻ ቢነካኩ ከፍተኛ ከረንት ስለሚፈስ ቃጠሎ ሊያደርሱ ይችላሉ።

የሁሉም መሣሪያዎች ሽቦ በሻንቱ በኩል ማለፉን ማረጋገጥ፤ አዲስ መብራት ሲቀጠል በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ አለመቀጠል።

በመጨረሻም ፍጆታው በታወቀ መሣሪያ መፈተሽ። ባለ 12 ቮልት፣ 24 ዋት መሣሪያ ሲበራ ቆጣሪው ከቀድሞው ንባብ 2 አምፔር ያህል መጨመር ወይም መቀነስ አለበት። ቴክኒሻን በሽቦው ዙሪያ በሚቆለፍ መለኪያ ሲፈትሽም ያ መለኪያ ራሱ ኦፍሴት ስላለው፣ ቀጥተኛ ከረንት ከመለካቱ በፊት የዜሮ ቁልፉ መጫን አለበት።

ከባትሪ ቆጣሪ ባሻገር

ይህ ጉዳይ በፀሐይ ኃይል ተጠቃሚዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእህል ገበያና በሱቅ ውስጥ ያለው ዲጂታል ሚዛንም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሳህኑን የተሸከመው ብረት በክብደቱ ሲታጠፍ በላዩ የተለጠፉት ደቃቅ ሬዚስተሮች የሚሰጡት ምልክት፣ ሙሉ ጭነት ሲጫን እንኳ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊቮልት ያህል አይበልጥም። እዚያም አምፕሊፋየር አለ፤ እዚያም ኦፍሴትና የሙቀት መንሸራተት አለ። ጠዋት በዜሮ የጀመረ ሚዛን ፀሐይ ላይ ውሎ ባዶውን ቁጥር ቢያሳይ ምክንያቱ ሁልጊዜ ተንኮል ላይሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ግን ጉድለቱ የሚያርፈው በሻጩ ወይም በገዢው ላይ ነው። ስለዚህ ሻጭም ሆነ ገዢ እህሉ ሳይጫን ባዶው ሚዛን ዜሮ ማሳየቱን ማየት መብቱ ነው፤ በረጅም የገበያ ቀንም ይህን መድገም ያስፈልጋል።

ቺፑ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ዜሮውን የሚፈትሸው የራሱን ዜሮ ስለማያምን ነው። የባትሪ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብም በወር አንድ ጊዜ ሁሉን አጥፍቶ ቁጥሩን ቢመለከት፣ በሚቻለው ጊዜም ባትሪውን እስከ መጨረሻው ቢያስሞላ፣ ደኅናውን ባትሪ በከንቱ ከመጣልና በጨለማ ከመቅረት ሊድን ይችላል።